የቤተሰብ ፋውንዴሽን፣ የኮሙኒቲ ፋውንዴሽን ወይስ የካውንቲ ብር? ለትናንሽ የሀበሻ ድርጅቶች

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የሚያስጠኑ፣ አማርኛ የሚያስተምሩ፣ አረጋውያንን ሰብስበው ቡና የሚያጠጡ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ፎርም የሚሞሉ ትናንሽ ድርጅቶች ሞልተዋል። አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት በአመታዊ የእራት ፕሮግራም ገቢ፣ በጎፈንድሚ እና የቦርድ አባላት ከኪሳቸው በሚያወጡት ብር ነው። እና በየስብሰባው አንድ ሰው ይነሳና "ለምን ግራንት አንጠይቅም?" ይላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ከዛ ስራው በቅርብ ኮሌጅ የጨረሰ አንድ ልጅ ላይ ይጣላል፣ ልጁም ጎግል አድርጎ ትልቁን ቁጥር ያየበት ጋ ይጽፋል፣ መልስ የለም። ልጁ እንግሊዝኛ ስላልቻለ አይደለም፣ የትኛው አይነት ሰጪ ጋ መጀመር እንዳለበት የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። 501ሲ3 (ከታክስ ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት ናችሁ የሚል፣ ከአሜሪካው የታክስ መስሪያ ቤት ከአይአርኤስ የሚሰጥ እውቅና) ያላችሁ፣ በአመት ከ30,000 እስከ 200,000 ዶላር የምታንቀሳቅሱ ከሆነ መጀመሪያ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ጋ ሂዱ፣ ግን በሩ ክፍት የሆነውን ለይታችሁ። የመንግስት ብር ይቆይ፣ የትም አይሄድም (ይሄዳል እንጂ፣ እሱን ወደ ኋላ አወራዋለሁ)። ከታች የምጠቅሳቸው አመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ መጠየቅ ትችላላችሁ ወይ?

ዕድራችሁ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ግራንት ያገኛል ማለት አይደለም። ከአባላት ሰብስቦ ለአባላት ቀብርና ለአስከሬን መሸኛ የሚከፍል ከሆነ ሰጪዎቹ የሚያዩት እንደ አባላት መረዳጃ ነው፣ እነሱ የሚፈልጉት ደግሞ በሩ ለማንም ክፍት የሆነ ስራ ነው። ዕድሩ ውስጥ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ የሚሆን ፕሮግራም ካለ እሱን ለብቻው አውጥቶ ማቋቋም ይሻላል። ቤተክርስቲያንም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፦ አይአርኤስ ጋ ሳያመለክት በራሱ ከታክስ ነጻ ነው፣ ግን ብዙ ፋውንዴሽኖች መመሪያቸው ላይ ለሀይማኖታዊ ስራ አንሰጥም ብለው ስለጻፉ ምድር ቤቱ ውስጥ የሚሰጠው የሂሳብ ቱተሪንግ በደብሩ ስም ሲጠየቅ ሳይነበብ ይቀራል፣ የራሱ 501ሲ3 ቢኖረው ግን ቢያንስ ይነበባል። መስጂድም እንደዛው።

ወረቀቱ እንደሚወራው ውድ አይደለም። አመታዊ ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር፣ ጠቅላላ ንብረታችሁ ከ250,000 ዶላር ካልበለጠ አጭሩን ፎርም 1023-ኢዚ በ275 ዶላር ሞልታችሁ ታስገባላችሁ፣ ከዛ በላይ ከሆነ ረጅሙ 1023 ነው፣ 600 ዶላር። ዋናው ችግር ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ትንሽ ድርጅት እንኳን ቢሆን በየአመቱ 990-ኤን የምትባለዋን አጭር የኢንተርኔት ፎርም ማስገባት አለበት፣ ሶስት አመት በተከታታይ ከተረሳ 501ሲ3ው በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፣ እና ገንዘብ ያዡ ተቀይሮ ርክክብ ሳይደረግ ሲቀር መጀመሪያ የሚረሳው ይሄ ነው። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት አይአርኤስ ድረገጽ ላይ ባለው የድርጅቶች መፈለጊያ ስማችሁን አስገብታችሁ እዩ። ፋውንዴሽኑ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው።

501ሲ3 ገና ከሌላችሁ ፊስካል ስፖንሰር የሚባል መንገድ አለ፣ ማለትም 501ሲ3 ያለው ሌላ ድርጅት ብሩን በስማችሁ ተቀብሎ ያስተዳድርላችኋል፣ ለዛም ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወስዳል። ለመጀመሪያ አመት አይከፋም፣ ግን ስምምነቱ በጽሁፍ ይሁን፣ የሀገር ልጅ ነው ተብሎ በቃል የሚታለፍ ነገር አይደለም።

የቤተሰብ ፋውንዴሽን

በህግ የቤተሰብ ፋውንዴሽን የሚባል ለብቻው የቆመ አይነት የለም፣ አይአርኤስ ጋ ሁሉም ፕራይቬት ፋውንዴሽን ነው። ብሩ ከአንድ ቤተሰብ የመጣ፣ ቦርዱ ላይ ልጆችና የልጅ ልጆች የተቀመጡበት ሲሆን ሰው ቤተሰብ ፋውንዴሽን ይለዋል። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ግዴታቸውን ማወቅ ነው፦ ከ1969ኙ የታክስ ሪፎርም ወዲህ በየአመቱ የተወሰነ ማውጣት አለባቸው፣ አሁን ያለው ስሌት በግርድፉ ከኢንቨስትመንት ንብረታቸው 5 በመቶ ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር ያለው ፋውንዴሽን የራሱን አስተዳደር ወጪ ጨምሮ በአመት ግማሽ ሚሊዮን አካባቢ ማውጣት አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ስትጠይቁ አንገት መድፋት አያስፈልግም፣ የሚሰጡት ሰው መፈለግ የነሱም ስራ ነው።

ግን ሁለት አይነት ናቸው፣ እና ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው።

አንደኛው ቢሮ፣ ሰራተኛ፣ ማመልከቻ የሚያይ ፕሮግራም ኦፊሰር ያለው ነው። እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በ1944 የተቋቋመው የዩጂን እና አግነስ ማየር ፋውንዴሽን አለ፣ ማየር የዋሽንግተን ፖስት ባለቤት የነበረው ሰውዬ ነው፣ በ1948 የተቋቋመው የሞሪስ እና ግዌንዶሊን ካፍሪትዝ ፋውንዴሽንም አለ፣ እሱ ደግሞ በሪል ስቴት የተሰራ ብር ነው። እነዚህ ድረገጻቸው ላይ ምን እንደሚደግፉ፣ የት አካባቢ እንደሚሰጡ በግልጽ ያስቀምጣሉ። ጥሩ ጎናቸው ህጉ የሚታወቅ መሆኑ ነው፣ መጥፎው ደግሞ ያንኑ መመሪያ መቶዎች አንብበውት ነው የሚመጡት፣ ብዙዎቹም ሙሉ ጊዜ ፕሮፖዛል ጸሀፊ አላቸው።

ሁለተኛው ትንሹ ነው። ድረገጽ የለውም፣ አድራሻው የጠበቃ ወይም የአካውንታንት ቢሮ ነው፣ ቦርዱ እናትና አባት ከሁለት ልጆች ጋር ናቸው፣ በአመት ሁለት ሶስቴ ተሰብስበው ይወስናሉ። 5,000፣ 10,000፣ ሲበዛ 25,000 ዶላር ይሰጣሉ። ከእናንተ የሚጠይቁት ሪፖርት ሁለት ገጽ ነው፣ አንዳንዶቹ ምስጋና ደብዳቤና ጥቂት ፎቶ ይበቃቸዋል። ለትንሽ የሀበሻ ድርጅት ከሁሉም የሚሻለው እኔ እንደሚመስለኝ ይሄኛው ነው፣ ግን ማግኘቱ ነው የሚከብደው ምክንያቱም አያስተዋውቁም። ደግነቱ መደበቅ አይችሉም፣ ሁሉም ፕራይቬት ፋውንዴሽን በየአመቱ 990-ፒኤፍ የሚባል ፎርም ያስገባል፣ ፎርሙም ለህዝብ ክፍት ነው።

ይሄን ፎርም ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹን ስራ ጨረሳችሁ። ፕሮፐብሊካ ኖንፕሮፊት ኤክስፕሎረር የሚባል ድረገጽ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ፣ ካንዲድም ጋ አለ (የድሮዎቹ ፋውንዴሽን ሴንተርና ጋይድስታር በ2019 ተዋህደው ካንዲድ ሆነዋል)። ፎርሙ ረጅም ነው፣ ብዙው የአካውንታንት ነገር ነው፣ ዝለሉት። ወደ መጨረሻው አካባቢ ስትደርሱ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፦ ፋውንዴሽኑ የሚሰጠው አስቀድሞ ለመረጣቸው ድርጅቶች ብቻ ከሆነና ያልተጠየቀ ማመልከቻ የማይቀበል ከሆነ እዚህ ምልክት አድርግ የምትል። ምልክቱ ካለ በቃ፣ ያልተጠራችሁበት ሰርግ ነው፣ ቦርዱ ላይ ያለ ሰው የሚያውቅ ሰው ካላገኛችሁ በስተቀር ወረቀት አታባክኑ። ምልክቱ ከሌለ ከስሯ ያሉትን አራት መስመሮች አንብቡ፦ ማመልከቻው ለማን ይላካል፣ በምን መልክ ይቅረብ፣ መጨረሻ ቀኑ መቼ ነው፣ በአካባቢ ወይም በስራ አይነት ገደብ አለ ወይ። እነዚህን አራት መስመሮች ሳያነቡ አርባ ቦታ አንድ አይነት ደብዳቤ የሚልኩ ድርጅቶች አሉ፣ ኧረ ተዉ።

ከዛ የሰጣቸው ግራንቶች ዝርዝር ይመጣል፣ የተቀባዩ ስም፣ አድራሻ፣ ለምን እንደተሰጠ፣ ስንት። እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ድርጅት ተሰጥቶታል ወይስ ሁሉም ኒውዮርክ ነው? የስደተኛ ወይም የልጆች ስራ አለበት ወይስ ሆስፒታልና የአባትየው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው? አብዛኛው ግራንት ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር ከሆነ እናንተ 75,000 አትጠይቁ፣ ዝርዝሩ መሀል ላይ ያለውን ቁጥር አይታችሁ እሱን ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጉ። የሁለት ወይም የሶስት አመት ፎርም አስተያዩ፣ በየአመቱ ተመሳሳይ ስሞች ብቻ ከሆኑ አዲስ ሰው አያስገቡም ማለት ነው፣ በየአመቱ አራት አምስት አዲስ ስም ካለ በሩ ተከፍቷል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፣ ፎርሙ የሚገባው አመቱ ካለቀ ወራት በኋላ ነው፣ ማራዘሚያም ይወስዳሉ፣ ስለዚህ የምታዩት ከአንድ አመት በላይ የቆየ መረጃ ሊሆን ይችላል፣ ያቺን ሳጥን ግን ከዛ ወዲህ ቀይረው ይሆናል ብላችሁ ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

የቤተሰብ ፋውንዴሽን ብር የራሱ ጣጣ አለው። በብዙ የኮሙኒቲ ድርጅቶች ላይ የሚሰራው የአይአርኤስ ስሌት በአምስት አመት ውስጥ ካገኛችሁት ድጋፍ ቢያንስ አንድ ሶስተኛው ከህዝብ እንዲመጣ ይፈልጋል፣ ከአንድ ቤተሰብ ወይም ከአንድ ፕራይቬት ፋውንዴሽን የመጣ ብር ደግሞ ከጠቅላላው 2 በመቶ ድረስ ብቻ ነው እንደ ህዝብ ድጋፍ የሚቆጠረው። የመንግስት ግራንትና የኮሙኒቲ ፋውንዴሽን ብር ግን ሙሉ ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ሀብታም ቤተሰብ ወዶአችሁ ሁሉን ወጪ ቢሸፍን ደስ ይላል፣ ከጥቂት አመት በኋላ ግን አካውንታንታችሁ ግንባሩን ይቋጥራል። የእራት ፕሮግራሙን አታቁሙ፣ መቶ ሰው 50 ዶላር ሲሰጥ እዚህ ስሌት ላይ ይጠቅማል።

ስለ እራት ካነሳን አይቀር፣ ፋውንዴሽኑ ጠረጴዛ እንዲገዛና ቤተሰቡ መጥቶ እንዲበላ አትጠይቁ። ፋውንዴሽኑ በሚከፍለው ብር ቤተሰቡ ጥቅም ካገኘበት ህግ ላይ ችግር ይገጥማቸዋል። መጋበዝ ከፈለጋችሁ በነጻ ጋብዟቸው፣ ክትፎ ከወደዱ ሌላ ጊዜ ራሳቸው ይመጣሉ።

የኮሙኒቲ ፋውንዴሽንና ዳፍ

ኮሙኒቲ ፋውንዴሽን ከብዙ ሰጪዎች የተሰበሰበ ብር ለአንድ አካባቢ የሚያከፋፍል ነው። የመጀመሪያው በ1914 ክሊቭላንድ ላይ የተቋቋመው ነው፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ ከ1973 ጀምሮ ያለው ግሬተር ዋሽንግተን ኮሙኒቲ ፋውንዴሽን ነው፣ ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ ሲያትል ፋውንዴሽን አላችሁ። ጥሪ ሲያወጡ በግልጽ ያወጣሉ፣ የመረጃ ስብሰባ ያደርጋሉ፣ ሰራተኞቻቸው ለኢሜይል ይመልሳሉ፣ እና እንደ እኛ ያለ በስደተኛ የተቋቋመ ድርጅት ላይ ትኩረት ያደረጉ ዙሮች አንዳንዴ ይኖራሉ። ከትንሹ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ሲነጻጸሩ ማመልከቻቸው ይረዝማል፣ በየአመቱ ትኩረታቸው ይቀያየራል፣ አምና ለወጣቶች የሰጠው ዘንድሮ ለቤት ኪራይ ብቻ ሊል ይችላል። ከትልቁ ጋር ሲነጻጸሩ ግን ለጀማሪ ይቀላሉ።

ዳፍ (ዶነር አድቫይዝድ ፈንድ) የሚባለው ደግሞ ሰው ፊደሊቲ ቻሪተብል ወይም ቫንጋርድ ቻሪተብል አይነት ቦታ አካውንት ከፍቶ ብሩን ያስቀምጥና የታክስ ቅናሹን ወዲያው ያገኛል፣ ከዛ በፈለገ ጊዜ ለእገሌ ድርጅት ስጡልኝ ይላል። የ5 በመቶ ግዴታ የለበትም፣ ማመልከቻ የሚባል ነገርም የለውም። ታዲያ እንዴት ይገኛል ካላችሁ፣ ከራሳችን ሰው ነው የሚገኘው። የሀበሻ ዶክተሮች፣ ሲያትልና ቤይ ኤሪያ ያሉ የቴክ ሰራተኞች፣ ቢዝነስ የሸጡ ሰዎች መሀል ዳፍ ያላቸው አሉ፣ የኛ ድርጅቶች ግን ዜል ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጧቸው። ፍላየራችሁ ላይ ህጋዊ ስማችሁንና ኢአይኤን (የድርጅቱ የታክስ መለያ) ቁጥራችሁን ጻፉ፣ "ከዳፍ መስጠት ይቻላል" የምትል አንድ መስመር ጨምሩ።

እና አድራሻ! ቼኩ ብዙ ጊዜ የሚላከው መዝገብ ላይ ባለው አድራሻ ነው። ድርጅቱ ሲቋቋም የያኔው ጸሀፊ አፓርትመንት ተመዝግቦ ከነበረና ሰውዬው ዳላስ ከሄደ ቼኩ ሌላ ሰው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ፎርም 8822-ቢ ሞልታችሁ አይአርኤስ ጋ አድራሻውን ቀይሩ፣ ካንዲድ ላይ ያለውን ፕሮፋይልም እንዲሁ።

የካውንቲና የፌደራል ብር

ብሩ ትልቅ ነው፣ እውነት ነው። ግን አብዛኛው በሪኢምበርስመንት ነው የሚሰራው፣ መጀመሪያ ከራሳችሁ አውጡ፣ ደረሰኝ አቅርቡ፣ ከዛ ይከፈላችኋል። አስቡት፣ ካውንቲው 60,000 ዶላር ፈቀደላችሁ፣ ለአንድ ኮኦርዲኔተር በወር 3,500 ትከፍላላችሁ፣ ባንክ ያላችሁ 8,000 ነው። የመጀመሪያው ሩብ አመት ሲያልቅ 10,500 አውጥታችኋል፣ ማለትም ሶስተኛው ወር ደመወዝ ላይ ጎድሏችኋል፣ ቢሉን ገና አሁን ልታስገቡ ነው፣ እሱ ታይቶ እስኪከፈል ሌላ ሳምንታት ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ነው የቦርድ ሰብሳቢው ክሬዲት ካርዱን የሚያወጣው፣ ጭቅጭቁም ከዛ ይጀምራል። የቤተሰብ ፋውንዴሽን ቼክ በአብዛኛው ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ለኔ ትልቁ ልዩነት ይሄ ነው።

ፌደራል ከሆነ ሳም ዶት ጎቭ የሚባለው የመንግስት ድረገጽ ላይ መመዝገብ አለባችሁ፣ በነጻ ነው፣ እናስመዝግባችሁ ብለው መቶዎች ዶላር የሚጠይቁ ኢሜይሎች ይመጡላችኋል፣ ዝም በሏቸው። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በጀመረ የበጀት አመት በአዲሱ ህግ በአመት አንድ ሚሊዮን ዶላርና ከዛ በላይ የፌደራል ብር ያወጣ ድርጅት ሲንግል ኦዲት የሚባል የሂሳብ ምርመራ ይደረግበታል፣ በፊት 750,000 ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ድርጅትን ይሄ አያስፈራውም። ሌላው ጥሩ ነገር ለአስተዳደር ወጪ ከፌደራል መንግስት ጋር የተደራደረበት የራሱ ሬት (መቶኛ) የሌለው ድርጅት ለቢሮ፣ ለአካውንታንት፣ ለመሳሰለው እስከ 15 በመቶ መጨመር ይችላል፣ ቀድሞ 10 ነበር። ብዙ የቤተሰብ ፋውንዴሽን ለዚህ አይነት ወጪ እጁ ይሰበሰባል።

አስተማማኝ ነው የሚባለው ግን ድሮ ቀርቷል። በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራም ሲታገድና አሰፋሪ ድርጅቶች ስራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው በፌደራል ብር ላይ የቆሙ ድርጅቶች ምን እንደደረሰባቸው ያየ ሰው በአንድ እግር መቆም ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል። በ1983 የተቋቋመው፣ መቀመጫው አርሊንግተን የሆነው ኢሲዲሲ (የኢትዮጵያ ኮሙኒቲ ልማት ካውንስል) ራሱ ከነዚህ አሰፋሪ ድርጅቶች አንዱ ነው። ትንሽ ድርጅት በቀጥታ ከፌደራል ከመጠየቅ እንደዚህ ባለ ትልቅ ድርጅት ስር ሰብግራንት (ትልቁ ድርጅት ካገኘው ግራንት የሚያካፍለው ብር) ቢወስድ ይቀለዋል፣ አደጋው ግን አብሮ ይወርዳል።

እና የቱን?

በበጎ ፈቃደኛ ብቻ የምትሰሩ፣ በአመት ከ50,000 በታች ከሆናችሁ፣ ሶስት ወይም አራት ትናንሽ የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች ከ990-ፒኤፋቸው መርጣችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፣ ጎን ለጎን ዳፍ ያላቸውን አባላት ፈልጉ፣ ሌላውን እርሱት። አንድ ግማሽ ቀን የሚሰራ ሰው ካላችሁና ሂሳባችሁን ኩዊክቡክስ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የሚይዝ ሰው ካለ ሰራተኛ ያለው ፋውንዴሽንና ኮሙኒቲ ፋውንዴሽን ላይ መሞከር ትችላላችሁ፣ በመጀመሪያ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ ከዛ አጭር የፍላጎት ደብዳቤ፣ ሙሉ ፕሮፖዛል ሲጠይቋችሁ ብቻ። የካውንቲ ብር የሶስት ወር ወጪ ባንክ ውስጥ ሲኖራችሁ ነው። ከዛ በፊት ከደረሳችሁ ለምን አልወሰዳችሁም ብዬ አልቆጣም፣ ግን ካውንቲው አስቀድሞ የተወሰነ ይለቅልን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ አንዳንዱ ይለቃል።

ምርጫ ካላችሁ 10,000 ዶላር ጀነራል ኦፕሬቲንግ (ለማንኛውም የድርጅቱ ወጪ የሚውል ብር) ከ20,000 ዶላር የፕሮጀክት ብር ይሻላል ባይ ነኝ። ሀያ ሺውን ለአዲስ ፕሮግራም ብቻ አውሉት ሲሏችሁ ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ዙሙን የሚከፍል የለም፣ አዲስ ስራ ጨምራችሁ አሮጌውን ዕዳ ትሸከማላችሁ።

ብሩን ሀገር ቤት ለመላክ ካሰባችሁ ፕሮፖዛሉን ለዩት። ፕራይቬት ፋውንዴሽን ውጭ ሀገር ላለ ድርጅት በቀጥታ ሲሰጥ ያ ድርጅት ከአሜሪካ በጎ አድራጎት ጋር እኩያ መሆኑን ማረጋገጥ ወይም የወጪውን ክትትል ራሱ መያዝ አለበት፣ ትንንሾቹ እዚህ ውስጥ መግባት አይፈልጉም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው የቅዳሜ ትምህርት ቤት የተሰጠ ብር ላይ "ጎንደር ላለው ላይብረሪም" ብሎ መጨመር ሁለቱንም ያሳጣል።

ቦርዳችሁንም ከመላካችሁ በፊት እዩት። ባልና ሚስት ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ሆነው ቼኩን ሁለቱ ብቻ የሚፈርሙ ከሆነ ፋውንዴሽኑ ይጠይቃል፣ ባይጠይቅም ይጽፈዋል። ሁለት ሊቀመንበር ያለው ቦርድ ከሆነ ደግሞ፣ እና ይሄን የምለው ለማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ከዛ ግራንት።

ሁለት ቦታ ጠይቃችሁ ሁለቱም ከፈቀዱ (ይሆናል፣ አልፎ አልፎ) አንዱን ደመወዝ ለሁለቱም አታስከፍሉ። ለሁለተኛው ወዲያው ኢሜይል አድርጉ፦ "ይሄ ወጪ በሌላ ተሸፍኗል፣ የእናንተን ለመጽሐፍትና ለትራንስፖርት ማዋል እንችላለን ወይ?" ብላችሁ፣ የተሻሻለውን በጀት አያይዛችሁ። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ፣ መልሱን በጽሁፍ ያዙትና ከስምምነቱ ጋር ፋይል አድርጉት።